ወገብሽን ለእናትሽ ብቻ አትንገሪ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤



ስትደውዪ ለእኔ «ደህና ነኝ አባዬ» ትይኛለሽ። ከዚያ ስልኩን ለእናትሽ እሰጣታለሁ፤ እሷም ይዛው ጓዳ ትገባና ስለ ወገብሽ፣ ስለ ባትሽ፣ ስለ እንቅልፍሽ ስታወሩ ትቆያላችሁ። የዚህ ቤት ግድግዳ ስስ መሆኑን ሁለታችሁም ረስታችሁታል። ሴት ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር ለአባቷ ማውራት እንደምታፍር አውቃለሁ፤ ወጋችን ነው፣ አልነቅፈውም። ግን እኔ ጡረታ ወጣሁ እንጂ ጤና መኮንንነቴ ከእኔ አልወጣም። የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት ነፍሰ ጡሮች ወረፋ በሚጠብቁበት በር ላይ ነው። ስለዚህ በስልክ የማንነጋገረውን በወረቀት ልጻፍልሽ፤ አንብበሽ ስትጨርሺ መልስ ስጪኝም አልልሽም።

በመጀመሪያ ሰውነትሽ ምን እየሆነ እንዳለ እንይ። ማህፀን ከእርግዝና በፊት 70 ግራም ገደማ ነው። መውለጃ ሲደርስ እሱ ብቻውን 1 ኪሎ ያህል ይሆናል። በላዩ 3 ኪሎ ገደማ የሚሆን ልጅ፣ ግማሽ ኪሎ የሚያህል የእንግዴ ልጅ፣ የሽርት ውሃው፣ ከወትሮው ወደ ግማሽ ያህል የጨመረ ደም፣ የከበደ ጡት አለ። ከማርገዟ በፊት ክብደቷ መካከለኛ የነበረ ሴት እስክትወልድ ከ11 ተኩል እስከ 16 ኪሎ ብትጨምር ደግ ነው እንላለን። ይህ ሁሉ ለመላ አካል እኩል ተከፋፍሎ ቢሆን ወገብሽ ብዙም ባልሰማው ነበር፤ አብዛኛው ግን የሚመጣው በፊት ለፊት ነው። ልብስ የተዘፈዘፈበትን ሳፋ ታቅፈሽ ስትነሺ ደረትሽን ወደ ኋላ ጣል ታደርጊ የለ? አሁንም ማንም ሳያስተምርሽ እንደዚያው እያደረግሽ ነው፤ ልዩነቱ ሳፋውን የምታስቀምጪበት ቦታ አለመኖሩ ነው።

ደረት ወደ ኋላ ሲሄድ የወገብ አከርካሪ ይበልጥ ወደ ውስጥ ይጎብጣል። ግራና ቀኙ ያሉት ጡንቻዎችም ቀኑን ሙሉ ተወጥረው ይውላሉ። ከፊት ሆነው ያግዟቸው የነበሩት የሆድ ጡንቻዎች ደግሞ ተለጥጠዋል፤ መሀል ለመሀል ተራርቀዋል። ጡት ሲከብድ ትከሻ ወደ ፊት ይታጠፋል፤ ማታ ማታ ማጅራትሽንና በትከሻሽ አጥንቶች መካከል የሚያቃጥልሽ እሱ ነው። በዚያ ላይ የእርግዝና ሆርሞኖች የዳሌን ጅማቶች ያላላሉ፤ ልጅ ማለፊያ ያስፈልገዋልና። መገጣጠሚያው ሲላላ ከፊት ብሽሽት ላይ፣ ከኋላ ከመቀመጫ ከፍ ብሎ ይጠዘጥዛል፤ በተለይ ደረጃ ስትወጪና አልጋ ላይ ስትገላበጪ። ለእናትሽ «የሆነ ነገር ቀጭ ይላል» ያልሻት ይኸው ይመስለኛል።

አንድ ነገር ላጫውትሽ፤ ከሕክምናው ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። ካትሪን ዊትኮም የተባለች ተመራማሪ ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 ኔቸር መጽሔት ላይ ባወጣችው ጥናት የሴት ወገብ ከወንድ ወገብ እንደሚለይ አሳይታለች። ወገባችን አምስት አጥንት አለው። ጉብጠቱን የሚሠሩት፣ በኋላ በኩል ጠበብ ያሉት አጥንቶች በወንድ ሁለት ሲሆኑ በሴት ሦስት ናቸው፤ ስለዚህ እርጉዟ ወደ ኋላ ስትለጠጥ ጭነቱ ይከፋፈልላታል። ይኸው ልዩነት በደቡብ አፍሪካ በተገኙ፣ ከ2 ሚሊዮን ዓመት በላይ በሆናቸው የሰው ቅድመ ዘር ቅሪተ አካላትም ታይቷል። በአራት እግሩ በሚሄደው ቺምፓንዚ ላይ ግን የለም። የእኛዋ ድንቅነሽ፣ በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችው፣ ከ3 ሚሊዮን ዓመት በፊት ቀጥ ብላ በሁለት እግሯ ትሄድ እንደነበር ዳሌዋና ጉልበቷ ይመሰክራሉ። ሰው ቀጥ ብሎ መሄድ ከጀመረ ወዲህ እርጉዝ ሴት ይህን ጭነት ከፊቷ ይዛ ስትጓዝ ኖራለች ማለት ነው። ወገብሽ ለዚህ ሥራ የተሰናዳ ነው። የተሰናዳ ስለሆነ ግን አይደክመውም ማለት አይደለም።

ጤና ጣቢያ ሳለሁ ወገቧን ይዛ የመጣችን ሴት «ምን ሆንሽ?» ብዬ ስጠይቅ ከእሷ ቀድማ የምትመልስልኝ አብራት የመጣችው አማቷ ወይም ጎረቤቷ ነበረች፤ «ያለ ነው ዶክተር፣ እርጉዝ አይደለች?» እያለች። ሐሰት አይደለም፤ ከነፍሰ ጡሮች ከግማሽ የሚበልጡት ወገባቸውን ወይም ዳሌያቸውን ያማቸዋል። ችግሩ፣ ያለ ነው ከተባለ በኋላ ሌላ የሚጠይቅ ሰው መጥፋቱ ነው።

አንድ የገበያ ቀን በስምንተኛ ወሯ ያለች ሴት ጎራ አለች። የመጣችው ለራሷ አልነበረም፤ ትልቁን ልጇን ጉንፋን ይዞት ልታስመረምር ነው። ልጁን እያየሁ ሳለ በየመሀሉ ንግግሯን ታቋርጥና የጠረጴዛዬን ጠርዝ ትይዛለች፤ ትንፋሿን ሰብሰብ ታደርጋለች፤ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ወሬዋን ትቀጥላለች። «ምንድን ነው?» ብላት «ወገቤን ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ መጣ ሄድ ይለኛል፤ ያለ ነው» አለችኝ። እጄን ሆዷ ላይ ሳሳርፍ ድንጋይ ሆነ፤ ቆየና ላላ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ጠነከረ። ምጥ ነበር፤ ወሩ ሳይደርስ የመጣ ምጥ። ሆስፒታል በጊዜ ደረሰች። እሷን ያስጨነቃት ግን ቤት ትታው የመጣችው ሊጥ ነበር፤ ቦክቶ ይፈሳል እያለች።

ከዚያ ወዲህ «ቻይ ናት» እየተባለች የምትወደስ ነፍሰ ጡር ሳይ ደስ አይለኝም። ዝም ብለሽ አትቻዪው ልጄ። ሲያምሽ ተናገሪ፤ ለባለቤትሽም፣ ለአለቃሽም፣ ለአዋላጅዋም። ሰው እንዲያግዝሽ የሚያምሽን ማወቅ አለበት።

አሁን ወደ ቤታችሁ ደረጃ እንምጣ። 4ኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰር የለው። ደረጃው ራሱ አይጎዳሽም፤ የብረቱን ድጋፍ ይዘሽ፣ ሙሉ እግርሽን እያሳረፍሽ፣ ሲደክምሽ እየቆምሽ ውጪ። ዳሌሽ የሚጠዘጥዝበት ቀን አንድ እግርሽን ካስቀደምሽ በኋላ ሌላውን እዚያው ደረጃ ላይ አምጪና አገናኝተሽ ቀጥዪ፤ ልጆች ደረጃ ሲለምዱ እንደሚወጡት። ውሃው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ፈረቃው በሌሊት መጥቶ እናንተ ዘንድ ሳይደርስ ሲቀር ከታች በጀሪካን እንደምታወጪ ሰምቻለሁ፤ ግድግዳው ስስ ነው ብዬሻለሁ። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። በአንድ እጅ ሲንጠለጠል አከርካሪ ወደ ጎን ይጣመማል። ጅማትሽ በላላበት፣ ሆድሽ በማያግዝበት፣ እግርሽ የሚያርፍበትን እንኳ በማታዪበት ሰዓት ይህ ይቅርብሽ። ባለቤትሽ ካመሸ እየተከፈላቸው ውሃ የሚያወጡ የሰፈር ልጆች አይጠፉም።

ምጣዱንም ከወለል ላይ አንሺው፤ ቆመሽ፣ ሳትጎነበሺ የምትደርሺበት ከፍታ ላይ ይቀመጥ። እንዲያውም እስክትወልጂ እንጀራ ከሱቅ ይገዛ። እናትሽ ይህን ብታነብ ትቆጣለች፤ ትቆጣ። ዕቃ ከመሬት ማንሳት ግድ ከሆነ ወገብሽን አጥፈሽ አይሁን፤ ጉልበትሽን አጥፈሽ ወርደሽ፣ ዕቃውን ወደ ደረትሽ አስጠግተሽ ተነሺ። ሱሪም ሆነ የውስጥ ልብስ ስትለብሺ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጪ። በአንድ እግር ቆሞ መልበስ ለላላ ዳሌ ደግ አይደለም፤ ሚዛንም ያስታል።

ባንክ ውስጥ ስላለው ውሎሽ ብዙ አላውቅም፤ ወንበሩ ከፍ ያለ፣ እግር የሚንጠለጠልበት መሆኑን ግን መጥቼ አይቻለሁ። እግርሽ ሥር ሣጥንም ቢሆን ይደረግ፤ ተንጠልጥሎ የሚውል እግር ያብጣል፣ ወገብንም ይጎትታል። ከወገብሽ ጉድጓድ ላይ ትንሽ ትራስ ወይም የተጠቀለለ ነጠላ አስደግፊ። እግር ማነባበሩን ተዪው። ወረፋው ረጅም ነው ብለሽ ሦስት ሰዓት በአንድ ቅርጽ አትቀመጪ፤ በየግማሽ ሰዓቱ ተነስተሽ ጥቂት እርምጃ ተራመጂ፤ ደንበኛ ይታገሣል፣ ካልታገሠም ሌላ መስኮት አለለት። ቆመሽ የምትሠሪ ከሆነ አንዱን እግር በርጩማ ላይ እያሳረፍሽ በየተራ ለውጪ። ባለ ተረከዙን ጫማ ስቀዪው፤ ተረከዝ ከፍ ባለ ቁጥር ሰውነት ወደ ፊት ስለሚገፋ ወገብ የበለጠ ይለጠጣል። ደግሞም ጫማሽ ቢጠብሽ እብጠት ብቻ አይምሰልሽ፤ በእርግዝና የእግር ውስጥ ቅስቱ ዝቅ ስለሚል እግር ጥቂት ሊረዝም ይችላል፤ አንዳንዴም እንደ ረዘመ ይቀራል።

ጠዋት ስትነሺ አውራ ጣትሽና ቀጥለው ያሉት ሁለቱ ጣቶችሽ ይደነዝዙ እንደሆነ ልብ በዪ። ሰውነት ውሃ ሲቋጥር አንጓ ላይ የሚያልፈው ነርቭ በጠባቡ መንገዱ ውስጥ ይጫናል። ቀኑን ሙሉ ብር ስትቆጥሪ ይብስበታል። ማታ አንጓሽ ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ እንዲያድር የሚያደርግ ድጋፍ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜም ከወሊድ በኋላ በራሱ ይለቃል።

ሚኒባስ ታክሲን በተመለከተ፣ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲል አንቺ አትጠጊ። የኋላ ወንበር ላይ አትቀመጪ፤ የአዲስ አበባ ጉድጓድ ሁሉ የሚሰማው እዚያ ነው። ጋቢና ካገኘሽ ቀበቶውን ከሆድሽ በታች፣ ዳሌሽ ላይ አሳልፊው እንጂ ሆድሽ ላይ አይረፍ። ስትገቢ መጀመሪያ ተቀመጪ፤ ከዚያ ሁለቱንም እግርሽን አንድ ላይ አስገቢ።

እንቅልፍ። ሰባተኛ ወርሽን ስለያዝሽ ከእንግዲህ በጀርባሽ ተንጋለሽ አትተኚ። ከ28ኛው ሳምንት ወዲህ በጎን መተኛት ነው የሚመከረው፤ ማህፀን ሲከብድ ከእግር ወደ ልብ ደም የሚመልሰውን ትልቁን የደም ሥር ይጫነዋል። ግራ ጎን ይመረጣል፤ ቀኙም ቢሆን ክፉ አይደለም። በእንቅልፍ ልብሽ በጀርባሽ ሆነሽ ብትነቂ አትደንግጪ፤ ዞር በዪና ተኚ። አንድ ትራስ በጉልበቶችሽ መካከል፣ አንድ ከሆድሽ ሥር፣ አንድ ከጀርባሽ። ባለቤትሽ ትራስ አልቀረልኝም ካለ ጋቢ ይጠቅልል። ስትነሺ ቀጥ ብለሽ አትነሺ፤ ጉልበቶችሽን አገናኝተሽ ወደ ጎን ተገልበጪና በክንድሽ ገፍተሽ ተነሺ፤ የተራራቀው የሆድ ጡንቻ በዚህ ያርፋል። ሌሊት ባትሽን ስትራፖ ሲይዝሽ ጉልበትሽን ዘርግተሽ የእግርሽን ጣቶች ወደ ራስሽ ሳቢያቸው፤ ይለቅቃል።

እንግዲህ «ተኝተሽ ክረሚ» ያልኩሽ እንዳይመስልሽ። መተኛት ሲበዛም ወገብን ያስለቅሰዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ ሐኪም ያልከለከላት ነፍሰ ጡር በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንድታደርግ ይመክራል። እየተነጋገርሽ ልትሄጂው የምትችዪው እርምጃ ይበቃል። ቤት ውስጥ በእጅና በጉልበትሽ ተንበርክከሽ ጀርባሽን ቀስ ብለሽ ወደ ላይ ቅስት አድርጊውና ወደ ነበረበት መልሺው፤ ሆዱ ለጥቂት ጊዜ ከወገብሽ ላይ ይወርድልሻል፣ ደስ ይልሻል። ቅዳሴ ላይም እስከ መጨረሻው ቆሜ ካላስቀደስኩ አትበዪ፤ መቀመጥ የተከለከለ አይደለም። ስግደቱን ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪበት።

ሰው ብዙ ይመክርሻል፤ ሦስቱን ግን እምቢ በዪ። አንደኛው ሆድ መታሸት ነው። «ልጁ ተዛብቷል፣ ታሽታ ታስተካክለው» የሚሉሽ አይጠፉም፤ ወገብሽንና ትከሻሽን ባለቤትሽ ለስለስ አድርጎ ቢያሽልሽ ጥሩ፣ ሆድሽን ግን ማንም አይሽ፤ የእንግዴ ልጅን ሊያላቅቅ ይችላል። ሁለተኛው ፍል ውሃና ወሸባ ነው። ለእኔ ዓይነቱ ሽማግሌ ወገብ ፍል ውሃ ምንኛ ጥሩ መሰለሽ፤ እርጉዝን ግን ሰውነቷን ከመጠን በላይ ያግላል። በለብ ያለ ውሃ የተነከረ ፎጣ ወገብሽ ላይ ይበቃሻል። ሦስተኛው መድኃኒት ቤት ሄዶ ዲክሎፍናክ ወይም አይቡፕሮፌን መግዛት ነው። በአገራችን እንደ ከረሜላ ስለሚሸጡ ቀላል ይመስላሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2020 ከ20ኛው ሳምንት በኋላ እንዳይወሰዱ አስጠንቅቋል፤ የጽንሱን ኩላሊት ሊጎዱ፣ የሽርት ውሃውንም ሊያሳንሱ ይችላሉ። የሚቀባውንም ሳትጠይቂ አትቀቢ። የባሰ ሲሆን ፓራሲታሞልን ስንት እንደምትወስጂ አዋላጅዋን ጠይቂ።

ቀበቶ ትጠይቂ እንደነበር ሰምቻለሁ። ለእርግዝና ተብሎ የሚሠራ የወገብ ድጋፍ አለ፤ ሲሄዱ ለሚጠዘጥዝ ዳሌ ያግዛል። እናትሽ «መቀነት ምን ሆነ?» ትላለች፤ እውነቷን ነው፣ አስተሳሰሩን ካወቁበት። ሆድ ላይ አይጠመጠምም፤ ከሆድ በታች ዳሌን ይዞ ይዞራል፣ ጣት እስኪያስገባ ላላ ይላል፣ ስትቀመጪና ስትተኚ ይፈታል።

ይህን ቀጥሎ ያለውን ግን ሁለት ጊዜ አንብቢው። ሲያርፉ ቀለል የሚል፣ ሲሠሩ የሚብስ ሕመም የጡንቻና የመገጣጠሚያ ነው፤ ያደክማል እንጂ አያስፈራም። መጣ ሄድ እያለ በየተወሰነ ጊዜ የሚመለስ፣ ሆድ አብሮ የሚጠነክርበት የወገብ ሕመም ግን ያችን የገበያ ቀን ሴት ያስታውስሽ፤ 37 ሳምንት ሳይሞላ ከሆነ ሌሊትም ቢሆን ሂጂ። ከጎድን በታች ጎንሽን ወግቶ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለሽ፣ ሽንትሽም ካቃጠለሽ ኩላሊት ሊሆን ይችላል። ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከቀኝ ጎድን ሥር የሚያቃጥል ሕመም፣ ፊትና እጅ ድንገት ማበጥ የደም ግፊት ምልክት ነው፤ «ስላልተኛሁ ነው» አትበዪ። አንድ ባት ብቻ አብጦ፣ ቀልቶ፣ ሲነኩት ካመመ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላልና እንዳይታሽ። እግርሽ ከዛለ፣ መቀመጫሽ አካባቢ ከደነዘዘ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተሽ ነርቭ ተጭኗል። ደም ካየሽ፣ ውሃ ከፈሰሰሽ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰብሽ ለእኔ መደወሉን ተዪና በቀጥታ ሐኪም ቤት ሂጂ። የዓለም ጤና ድርጅት በእርግዝና ቢያንስ 8 ጊዜ ክትትል የሚለው ያለ ነገር አይደለም፤ ግፊትሽን ሳይለኩሽ ከዚያ ቤት አትውጪ።

ከወለድሽ በኋላ ወገብሽ በማግስቱ አይመለስም፤ ጅማቱ እስኪጠነክር ወራት ይፈልጋል። ስታጠቢ ልጁን ወደ ጡትሽ አምጪው እንጂ አንቺ ወደ ልጁ አትጎንበሺ። ሌላውን አራስ ቤት ስትገቢ እናወራዋለን።

የወሊድ ፈቃድሽንም ከአሁኑ ጠይቂ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ደመወዝ የሚከፈልበት ነው። ለምርመራ የምትሄጂበት ሰዓትም ከደመወዝሽ አይቆረጥም፤ ማስረጃ ከጠየቁሽ አዋላጅዋ ትሰጥሻለች። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አያሠሩሽም፣ ትርፍ ሰዓትም እንዲሁ። የሒሳብ መዝጊያ ነው፣ ሰው የለም ቢሉሽ አዋጁ ስለ ሒሳብ መዝጊያ ምንም አይልም።

እናትሽ በሚመጣው ወር መጀመሪያ ትመጣለች፤ ሽሮውም በርበሬውም ተዘጋጅቷል። ሻንጣዋን አንቺ እንዳትቀበዪያት፤ ባለቤትሽ መናኸሪያ ወርዶ ይቀበላት። የጀሪካኑን ነገር ለእሱ እኔ ራሴ እደውልለታለሁ፤ አንቺ አትግቢበት።

አባትሽ
ከደብረ ብርሃን